የዘጠና ፓውንድ ፍቅር

ግሌኒስ ትቆጥራለች፤ በእጇ ዘጠና ፓውንድ አለ፣
ከማዘጋጃ ቤት የተላከ፣ «ከርሞ እንጃ» እየተባለ።
ዘጠና ፓውንድ ስንት ፍቅር ሊገዛ?
አሥራ ሁለት ቢረክስ፣ አሥራ አንድ ፖስታው ከበዛ።

ውጭ የግሪምዝቢ ነፋስ የዓሣ ሽታ ተሸክሞ
በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል፣ እንደ ጎረምሳ ደጅ ቆሞ።
እሷ አሮጌውን መደርደሪያ ትፈትሻለች፣
ሽፋን በሽፋን ታገላብጣለች፦
ወርቃማ ጸጉር፣ ወርቃማ ጸጉር፣ ሐምራዊ ቀሚስ፣ ባሕር ዳር፤
ደግሞ ወርቃማ ጸጉር፣ ፈረስና የባለጸጋ አጥር።

እሷም በአሥራ ስድስቷ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ሥር
እነዚህን አንብባለች፤ ታውቃለች የንባቡን ምስጢር፦
የጀግናዋን ጸጉር ነቅላ የራሷን ቀይ ጸጉር ተክላ፣
ጠቃጠቆዋን ፊቷ ላይ ነስንሳ፣ ወፍራም መነጽር ደልድላ፣
መሳሙ የደረሳት ይህን ሁሉ ከሠራች በኋላ ነው።
ልብ ወለድ ማንበብ ዕረፍት ነው ያለው ማነው?

ባለፈው ሐሙስ ታንዚላ የተዋሰችውን መለሰች፣
ከጆሮዋ ሥር የማዳመጫዋን ቁልፍ እየነካካች፦
«ልጅቷ እንደኔ መስማት ይሳናታል፤
ሁለት መቶ ገጽ ታለቅስና ሐኪም ያድናታል፤
ልጁም ያኔ ነው የሚስማት።
እኔ ግን አልታመምኩ! ደራሲዋን ፈውስ ማን ለመናት?
አንዲት ልጅ ይፈልጉልኝ፣ አውቶቡስ የሚያመልጣት፣ ኬሚስትሪ የምትወድቅ፣
የልጁን ከንፈር አነብባለሁ ብላ እዚያው ከንፈሩ ላይ የምትደርቅ።
የለችም?»
ግሌኒስ መደርደሪያውን አየች።
የለችም።

ካስፔር ደግሞ አለ፣ የጋራዡ ልጅ፣ የሞተር ጥገና መጽሐፍ የሚዋስ፣
በሆዱ ቀጭን የፍቅር ታሪክ እንደ ኮንትሮባንድ የሚለብስ።
ሲመልሰው ገጹ ላይ የግራሶ አሻራ አለ፣
ሁልጊዜ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ዳር ያለ።
እንዳላየች ትቀበለዋለች።
አሻራውን አታጠፋም።

ራስል፣ ባልደረባዋ፣ «ፍቅር ፍቅር ነው» ይላል፣ «ቀለም ምን ያገባዋል?»
እውነት ነው። ታዲያ ለምን ሁሌ በአንድ በር ብቻ ይገባል?

ሌሊት ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ የዋጋ ዝርዝሩን በሁለት እስክሪብቶ፣
ትሰርዛለች፣ ትመልሳለች፣ ሻይዋ በሦስት ኩባያ በርዶ።
አንዱ ሽፋኑ ላይ ጥቁር ልጅ አለች፤ ውስጡ ግን ልቅሶና ስብከት፣
ፍቅሩ አርባ መስመር፣ ቀሪው ለሌላ ሰው ትምህርት።
ተወችው። ልጆቹ ለመሳቅም ይበቃሉ።
የመጨረሻውን ገጽ አስቀድማ ታያለች፣ እነማን ይሞታሉ?

በአንዱ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ልጅ ናት ልጁን ጥላው የምትሄድ፤
ለአንድ ጊዜ እንኳ እሱ ያልቅስ! እሱ ይንገብገብ፣ እሱ ይንደድ።
በሌላው፣ አባትየው «አይሆንም» ይላል፤ ጭራቅ ግን አይደለም፣
ሻይ ያፈላል፣ በሩን ክፍት ትቶ ይጠብቃል፣ አይተኛም።
ይህን ስታነብ ግሌኒስ አባቷን አሰበች።
በሩን አልከፈተም ነበር። እስክሪብቶውን አነሣች፣
ምልክት አደረገች።

አሥራ አንዱ መጡ። ሁለቱ የማይረቡ ሆኑ፣ አንዱን ማንም አልነካው፤
ምርጫ እንዲህ ነው፣ እንደ ትዳር፣ ከነስህተቱ ነው።
«ልዩ» የሚል ታፔላ አልሰቀለችም፣ ለብቻ ጥግ አልሰጠቻቸው፤
ከወርቃማ ጸጉሮቹ መሐል፣ ትከሻ ለትከሻ ሻጠቻቸው።

ሐሙስ፣ ከመዘጊያው ሰዓት በፊት፣ ታንዚላ አንዱን አወጣች፣
ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ቆማ፣ ማንበብ ጀመረች።
ግሌኒስ ሁልጊዜ እንደምታደርግላት
መብራቱን ሁለቴ አጠፋች አበራች፦ ሰዓት ደርሷል ልትላት።
ልጅቷ ቀና አላለችም። አንድ ጣት ብቻ ወደ ላይ፦
አንድ ገጽ።
ከዚያ ሳቀች፣ ለብቻዋ፣ ምኑ ላይ እንደሆነ ሳይታይ።

ግሌኒስ ቁልፉን ኪሷ መለሰች፣
ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀመጠች።